በድልድያችን ላይ ቆመው ድልድይ ቃል ለገቡልን ለጓድ ደምሴ

ሮቤ፣ ሰኔ 23 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ ደምሴ ወልደሰንበት
የሕዝብ ተመራጭ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉሮሮዎስ? በግንቦት ወር በሮቤና በጎባ፣ በየገጠሩም ሳይቀር፣ ያለ አንዳች እረፍት ያገለገለዎት ጉሮሮ ዛሬም በመልካም ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ። የሳነቴ ደጋ ብርድ ለእንግዳ አይመችምና ደረትዎን ሸፍነው ይሂዱ እንዳልል፣ እርስዎ የጎባ ልጅ መሆንዎን ራስዎ ነግረውናል። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ለምርጫ ብለው ሲመለሱ የትውልድ አገርዎን መንገድ ሹፌሩ ሲያሳይዎት በዓይናችን ባናይ ኖሮ ይበልጥ ደስ ይለን ነበር።

ለመመረጥዎም እንኳን ደስ ያለዎት። ውጤቱን ከምርጫው በፊት ስለምናውቀው በጊዜው አልደነገጥንም፤ የደስታ መግለጫችን የዘገየውም በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ ተክለማርያም እባላለሁ። ሮቤ ገበያ መግቢያ ላይ፣ ከእህል መጋዘኑ ግድግዳ ሥር፣ ጠረጴዛ ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። በዚያ ጠረጴዛ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። በንጉሡ ጊዜ ጽፌአለሁ፣ በአብዮቱም ጊዜ እየጻፍኩ ነው፤ በመካከሉ የተለወጠው ሰላምታው ነው። ምናልባት መልኬን ያስታውሱ ይሆናል፤ ግንቦት 16 ቀን ከአዳራሹ በር ላይ የእጅ ጽሑፌን ያመሰገኑልኝ ሽማግሌ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በካርቦን አምስት ቅጂ አድርጌዋለሁ። አንዱ ለእርስዎ ነው፤ ሌሎቹ በገበያው በር፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በጎባ መናኸሪያና ከሻያ ወንዝ ማዶ በፋና መንደር ይለጠፋሉ። ግልጽ ደብዳቤ ያልኩትም ስለዚህ ነው። እርስዎ ለሕዝብ በግልጽ እንደተናገሩ ሕዝቡም ለእርስዎ በግልጽ ቢናገር ቅር እንደማይሰኙ አምናለሁ።

ምስጋናዬን በቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ስለ ፋና መንደር አመሠራረት አመሰግናለሁ። እርግጥ መንደሩን የመሠረቱት እርስዎ ብቻዎን አይደሉም፤ ነገር ግን በንግግርዎ «መሠረትን» ስላሉ ምስጋናውን የምልከው ወደ እርስዎ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከሻያ ወዲህ፣ በመኪናው መንገድ ዳርና ዳር ተበታትነው ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎች «ለአገልግሎት ትቀርባላችሁ» ተብለው ከወንዙ ማዶ ተሰበሰቡ። ክሊኒክ ይሠራላችኋል ተብለው ነበር፤ ክሊኒኩ እስከ ዛሬ ታፔላ ነው። ታፔላው ግን ጥሩ ታፔላ ነው፤ ቀለሙ አልለቀቀም። መሻገሪያ የነበረውን የእንጨት ድልድይ አምና ክረምት ውኃ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ሰዎች ድልድይ እንዲሠራላቸው አሥራ አንድ ጊዜ አመልክተዋል። አሥራ አንዱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ጊዜም «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» የሚል መልስ መጥቷል፤ የመልሱ አጻጻፍ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተሻሻለ መሄዱን ሳላደንቅ አላልፍም።

ገበሬዎቹ ጥናቱ እስኪያልቅ የሚቆይ ዕድሜ እንደሌላቸው ሲገባቸው በራሳቸው ተነሡ። የነገሩ አስተባባሪ ወዚር የሚባል የሠላሳ ዓመት ገበሬ ነው፤ ዝምተኛ፣ ንግግር የማይወድ፣ ለእርስዎ ዓይነት ሥራ ፈጽሞ የማይሆን ሰው ነው። ወንዙ በሚጠብበት ቦታ ወዲህና ወዲያ የድንጋይ ካብ ካቡ። ጥለውት ከመጡት ከየቀድሞ ጓሯቸው፣ አባቶቻቸው የተከሉትን ባሕር ዛፍ አስፈቅደው ቆረጡ። አሥራ አራት ረጃጅም ግንድ በበሬ እየጎተቱ አምጥተው ከመንገዱ ዳር ከመሩ። የቀራቸው ማጋደም ነበር።

ግንቦት 4 ቀን አንድ የጭነት መኪና መጣና አሥራ አራቱንም ጫነ። ለወዚር «ለጊዜው በውሰት ተወስዷል» የሚል ወረቀት ተሰጠው። ወረቀቱን ወደ እኔ ይዞ መጣና «ጋሼ ተክለማርያም፣ ውሰት ማለት መቼ ነው የሚመለሰው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ቃሉን እንጂ ቀኑን እንደማላውቅ ነገርኩት።

ሁለተኛ፤ ስለ ንግግርዎ አመሰግናለሁ። ግንቦት 8 ቀን በሮቤ ሜዳ ላይ ያ ሰፊ መድረክ ቆሞ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ በአረንጓዴ ቅጠል አጊጦ ስናየው ማማሩን አልካድንም። ጨርቁ ጫፍ ጫፉ ላይ አጥሮ ስለነበር የፋና መንደር ሰዎች ግንዶቻቸውን አወቋቸው። እንዲያውም አንድ ሽማግሌ ጣታቸውን ቀስረው «ያ የእኔ ነው፣ የልጄ እምብርት የተቀበረው ከሥሩ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። እርስዎም በዚያ ላይ ቆመው፣ እጅዎን ወደ ወንዙ አቅጣጫ ዘርግተው፣ «ለፋና መንደር ሕዝብ ድልድይ እንሠራለን» አሉ።

ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ቃል ሲገባ ሰምቻለሁ። ቃል የተገባለትን ነገር እየረገጡ ቃል ሲገባ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ወዚር እጁን አወጣ። ንግግር የማይወድ ሰው ነው ብያለሁ፤ ያም ሆኖ ተነሣ። «ድልድዩ እኮ አለ» አለ። «እርስዎ የቆሙበት ነው። ቢወርዱልን ዛሬውኑ እንሠራዋለን።»

ሕዝቡ ሳቀ። እርስዎም አብረው ሳቁ፤ ሕዝብ ሲስቅ መሳቅ እንደሚገባ ያውቃሉና። ከዚያም «ገንቢ አስተያየት ነው፤ ይመዝገብልን» አሉ፤ ከጎንዎ የተቀመጠውም ሰው መዘገበ። ወዚር ተቀመጠ። ከመድረኩ ኋላ የነበረ አንድ ባለሥልጣን ቀስ ብሎ መጥቶ ስሙን ጠየቀው፤ የእሱም ስም ተመዘገበ።

ስለ ሌሎቹ ሁለት ዕጩዎች በዚህ አጋጣሚ አንድ ቃል ልጨምር። ምርጫ ነውና ለአንድ ወንበር ሦስት ሰዎች መቅረብ ነበረባቸው፤ ቀርበዋልም። አንደኛው የገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበሩ ኢታና ነው። ምስኪን፣ የምርጫው ወራት ሙሉ በየገበያው እየዞረ «አደራችሁን እኔን እንዳትመርጡ፣ ልጆች አሉኝ» እያለ ይለምን ነበር። ከሦስቱ ውስጥ ከልቡ የቀሰቀሰ እሱ ብቻ ነው። ሦስተኛው ዕጩ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ስንጠያይቅ ያወቀ አላገኘንም።

ሦስተኛ ብዬ የምጀምረው ነገር በአንድ ተራ ቁጥር የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ የሆነውን እንደሆነ እነግርዎታለሁ።

የወዚር ሚስት ጁሀራ ትባላለች። ግንቦት 15 ማምሻውን ምጥ ጀመራት። ሌሊቱ አልፎ ሲነጋ፣ በዚያ አካባቢ ከግማሽ በላይ የሆነውን ሰው ያዋለዱት አዴ ሃጂራ ሆዷን ዳስሰው እጃቸውን አነሡና «ልጁ ተጋድሟል። ይህ የእኔ እጅ ሥራ አይደለም፣ የሐኪም ነው፤ ቶሎ ጎባ ውሰዷት» አሉ። በቃሬዛ አድርገው ሻያ ዳር ሲደርሱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ በላይኛው ተራራ ሲዘንብ ስለሰነበተ ወንዙ እስከ አፉ ሞልቷል። ቃሬዛ ቀርቶ ወይፈን የሚሻገረው አልነበረም። ወዚር ብቻውን፣ ከላይ በኩል፣ የበቅሎ ጅራት ይዞ ተሻገረ። እንዴት እንደተሻገረ ብጠይቀው «አላህ ነው» ከማለት በቀር የነገረኝ የለም። ግንዶቹን ፍለጋ ወደ ሜዳው ሮጠ። መድረኩ ለመዝጊያው ስብሰባ ስለሚፈለግ እንደቆመ ነበር። የሚጠብቀው ሚሊሻ ባዳሳ «ያለ ወረቀት አንድ ምስማር አይነቀልም ተብያለሁ» አለው።

ወዚር ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። ከልብሱ የሚንጠባጠበው ውኃ ወረቀቴን አበሰበሰው። «ጋሼ፣ ወረቀት ጻፍልኝ፤ ጁሀራ ልትሞትብኝ ነው» አለ።

አሁን የምናገረው ስለ እርስዎ አይደለም፤ ስለ ራሴ ነው፣ ይታገሡኝ። ብዕሬን አነሣሁና «ለክቡር ጓድ ደምሴ ወልደሰንበት» ብዬ ጀመርኩ። ከሥሩ አሰመርኩ። «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» አልኩ። «ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ፊደል ስለተበላሸብኝ ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ። ሴትዮዋ ወንዝ ዳር እያማጠች፣ ባሏ ከፊቴ ቆሞ እየተንቀጠቀጠ፣ እኔ ፊደል አሳምር ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከእናንተ ጋር በደብዳቤ ስነጋገር ኖሬ የተማርኩት ይህን ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሌሊት እንቅልፍ አጣለሁ። እርስዎ ግን ጤናዎን እንዲጠብቁ አደራ እላለሁ።

አራት ሰዓት ላይ እርስዎ ከነበሩበት ከስብሰባ አዳራሹ በር ደረስን። በረኛው «ጓድ ደምሴ ከሕዝብ ጋር እየተወያዩ ስለሆነ መግባት አይቻልም» አለን።

«እኛስ ማን ነን?» አለው ወዚር።

«እናንተ በአጀንዳው ውስጥ የላችሁም።»

ቆምን። ወዚር ሦስት ጊዜ ለመግባት ሞከረ፣ ሦስት ጊዜ ተገፍቶ ወጣ። በመስኮቱ በኩል መጀመሪያ ጭብጨባ፣ ቀጥሎ የሳህን ድምፅ ተሰማ። ከውይይቱ ጋር የተያያዘ ምሳ እንደነበረ የገባን ያን ጊዜ ነው። እርስዎ ስድስት ሰዓት ላይ ወጡ። ወረቀቱን ተቀበሉን፤ ይህን አልክድም። ሙሉውን አነበቡት፤ ይህንንም አልክድም። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «አባቴ፣ የእጅ ጽሑፍዎ እጅግ ያምራል፤ የቤተ ክህነት ትምህርት መሆን አለበት» አሉ። ከኪስዎ ብዕር አውጥተው በኅዳጉ ላይ «ተገቢው ትብብር ይደረግላቸው» ብለው ፈረሙ።

«በማን?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በሚመለከተው አካል» ብለው መኪናዎ ውስጥ ገቡ።

ወረቀቱን ይዘን ወደ ሜዳው ሮጥን። ባዳሳ አገላብጦ አየውና አንገቱን ደፋ። ክፉ ሰው አይደለም። «ማህተም የለውም» አለ። «ያለ ማህተም ብሰጣችሁ እኔ ነኝ የምታሰረው።»

ወዚር መሬት ላይ ተቀመጠ። ይህን ሁሉ የሰማች ማናልበሽ የምትባል ሴት ከሜዳው ጥግ ተነሥታ መጣች። ማናልበሽ በገበያው ገመድና ጠፍር የምትሸጥ፣ አንደበቷን ዱርዬ ሁሉ የሚፈራላት፣ አምስት የወለደች ባልቴት ናት። ባዳሳ ፊት ቆማ ወገቧን ያዘች።

«ባዳሳ» አለችው፤ «እናትህ አንተን ስታምጥ ማህተም ጠይቃ ነበር?»

 ባዳሳ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አደረገና «እኔ ገና ምሳዬን አልበላሁም» አለ። ወደ ከተማው አቅጣጫ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ሳይል፣ ቀስ ብሎ ሄደ። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ቀን በሮቤ ሁለት ሰዎች ምሳ በልተዋል፤ አንድ ሰው ያዳነው ግን የባዳሳ ምሳ ነው።

መድረኩን ያፈረሰው ማን እንደሆነ መርማሪዎቹ ሲጠይቁ ሰንብተዋልና ልገላግላቸው። ያፈረሱት የሽንኩርት ነጋዴዎች፣ የጋሪ ነጂዎች፣ ከመስጊድ የወጡ ሽማግሌዎች፣ አንድ ቄስ፣ ማናልበሽና እኔ ነን። እኔ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ ብዕር በለመደ እጄ አሥራ ሰባት ምስማር ነቅያለሁ፤ በሕይወቴ ከሠራሁት የጽሕፈት ሥራ ሁሉ ይበልጥ አኮራኝ። ስምንት ግንድ በጋሪዎች ጭነን ከስምንት ሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ደረስን።

አዴ ሃጂራ ከማዶ በኩል ጁሀራን በጉልበታቸው አስደግፈው፣ ቡሉኮ አልብሰው ተቀምጠዋል። ሲያዩን ተነሥተው በኦሮምኛ ምን እንዳሉን አልተረጉምልዎትም፤ ስለ እርስዎ ነው። የማናልበሽን ገመድ ድንጋይ አስረን ወዲያ ወረወርን፤ ማዶ ያሉት ጎተቱ፣ እኛ ገፋን። መጀመሪያ የላክነውን ግንድ ውኃው ነጥቆን ሄደ። ሁለተኛው ያዘ። አምስት ግንድ ጎን ለጎን ሲጋደም አራት ሰዎች ቃሬዛውን አንሥተው ገቡ። አዴ ሃጂራ ፊታቸውን ወደ ጁሀራ አድርገው፣ የኋልዮሽ እየተራመዱ፣ «ወደ ታች አትመልከቺ፤ እኔን እዪ፤ እኔን ብቻ እዪ» እያሉ አሻገሯት። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ከወንዙ ወዲህ ያለው ሰው ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በየአፉ ይጸልይ ነበር። ከመንገዱ ላይ ያገኘነው የእህል መኪና ሾፌር ጭነቱን ጥሎ ጎባ አደረሳት።

ጁሀራ ተርፋለች። ሐኪሙ እስኪጨልም ድረስ ከላይዋ አልተለየም፤ እግዜር ይስጠው። ልጅቷ ግን አልተረፈችም። ሐኪሙ ወዚርን ወደ ኮሪደሩ አውጥቶ «ጠዋት ብታመጧት ኖሮ» አለና ቀሪውን አልጨረሰውም። እኔ ግን ቁጥር ስለምወድ ጨርሼዋለሁ። እኔ ወረቀት ያሳመርኩበትና እርስዎ የተወያዩበት ጊዜ ተደምሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ግማሹን ሰዓት ለእኔ ይተዉልኝ፤ ሁለቱ የእርስዎ ነው። ለልጅቷ እናቷ ስም አውጥታላታለች፤ ስሙን እዚህ ላይ አልጽፍም። እርስዎ እጅ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም።

ወዚር ልጁን ቀብሮ ሲመለስ ከመንገድ ተያዘ። «የምርጫ ቅስቀሳ ንብረት በማፍረስ» ተብሎ በአንድ ክፍል ውስጥ ሃያ አራት ቀን ታሰረ። ባዳሳ ከሥራው ተባረረ። ማናልበሽም ተጠርታ ስትሄድ፣ ስለ መድረኩ ሲጠይቋት ስለ ገመዷ እየጠየቀች ግማሽ ቀን ስላደረቀቻቸው ወደ ቤቷ መለሷት። መድረኩ በፈረሰ ማግስትም የጭነት መኪናው ወንዙ ድረስ ሄዶ የቀሩትን ሰባት ግንዶች አንሥቶ አመጣ፤ መድረኩም እንደገና ቆመ።

ግንቦት 30 ቀን በመዝጊያው ስብሰባ ላይ በዚያው መድረክ ቆመው ያሰሙትን ንግግር ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ ጸሐፊ ነኝና። «ለፋና መንደር ሕዝብ ድልድይ እንሠራለን ባልን በስምንተኛው ቀን፣ በሕዝቡ ሰፊ ተሳትፎ፣ ድልድዩ ተሠርቶ አንዲት እናት ለሕክምና በቅታለች» ነበር ያሉት። ተጨበጨበልዎት። እኔም አጨበጨብኩ፤ ያላጨበጨበ ሰው ስሙ ይመዘገብ ነበር። ከንግግርዎ ውስጥ ሐሰት የሆነ አንድ ቃል ስፈልግ አላገኘሁም። ይህ ከባድ ችሎታ ነው፤ በእርግጥም ላቅ ያለ ቦታ ይገባዎታል።

ወደ ቁጥሬ ልመለስ።

አራተኛ፤ ስለ ምርጫው ቀን ዝግጅት አመሰግናለሁ። ሰኔ 7 ቀን ሻያ እንደ ግንቦቱ ሞልቶ ነበርና የፋና መንደር ሰዎች «መሻገር ስለማንችል ዘንድሮ አንመርጥም» ብለው መልእክት ላኩ። በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ ክቡር ሆይ፣ ጎማው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ትራክተር ከነተጎታቹ መጣ። በጥልቁ ውኃ ውስጥ ገብቶ እየተመላለሰ መራጩን ሁሉ፣ አልጋ ላይ የነበሩትን ሽማግሌዎች ጭምር፣ ልብሳቸው ሳይርስ አሻገረ። ትራክተሩ ግንቦት 16 የት እንደነበረ ሹፌሩን ጠይቄው ነበር። «እዚሁ ሮቤ ቆሞ ነበር፤ የጠራኝ የለም» አለኝ። ለምጥ የማይገኝ ትራክተር ለድምፅ ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አገራችን ደሃ ናት ሲሉኝ አላምንም።

አምስተኛ፤ ስለ ውጤቱ። በፋና መንደር የተመዘገበው መራጭ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሲሆን፣ በይፋ እንደተለጠፈው ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ድምፅ ሰጥተዋል፤ የሰጡትም ለእርስዎ ነው። በዚያ ቀን ጁሀራ ጎባ ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር። ወዚር በእስር ላይ ነበር። ከተመዘገቡትም ውስጥ አንድ ሽማግሌ ምርጫው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ተቀብረዋል፤ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። ሦስቱም መርጠውዎታል። ኢታና እንኳ አንድ ድምፅ ባለማግኘቱ ለአላህ ምስጋና በግ አርዷል።

ስድስተኛና ሰባተኛ ብዬ የያዝኳቸው አቤቱታዎች ነበሩ። የክሊኒኩንና የትምህርት ቤቱን ጉዳይ የሚመለከቱ ነበሩ፤ ተውኳቸው። ለእርስዎ አቤት ማለት ብዕር ማባከን መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ወዚር ሰኔ 10 ቀን ተፈታ። ሲፈታ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ወደ እኔ መጣ። ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ። አሥራ ሁለተኛ ማመልከቻ እንድጽፍለት የፈለገ መስሎኝ ወረቀት ሳብኩ። እጄን ያዘኝ። «አትጻፍ» አለኝ። «ስንት ሰው ግንድ መሸከም እንደሚችል ብቻ ቁጠርልኝ።» ከዚያ ቀን ወዲህ እኔና እሱ፣ ማናልበሽና ባዳሳም፣ ቤት ለቤት እየሄድን ስንቆጥር ሰነበትን። ጁሀራም አገግማ ወደ መንደሯ ስትመለስ፣ በትራክተር አልተሻገረችም፤ ሹፌሩ ለምርጫ እንጂ ለሰው አልታዘዘም። በበቅሎ ተሻግራ፣ እስከ ወገቧ ረጥባ ቤቷ ገባች። በማግስቱ የማዶውን ካብ ድንጋይ ከሚያጠብቁት ሴቶች መካከል አየኋት። አዴ ሃጂራ «አርፈሽ ተኚ» ቢሏት እንቢ አለች።

አሁን የዚህን ደብዳቤ ዓላማ ልግለጽ። ይህ ማመልከቻ አይደለም። በውስጡ «እንዲፈቀድልን» የሚል ቃል ቢያገኙ ስሕተት ነውና ይሰርዙት። ነገ ሰኔ 24 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁለት መቶ ሰባ ሰዎች ወደ ሮቤ ሜዳ እንመጣለን። እስከ ዛሬ እንደቆመ ያለውን መድረክ እናነሣለን፤ ጨርቁን አጣጥፈን፣ ምስማሩን ለቅመን፣ ቅጠሉ እንኳ ሳይቀር የእናንተ የሆነውን ሁሉ ለጥበቃው እናስረክባለን። ውኃው ከወሰደብን አንዱ በቀር አሥራ ሦስቱን ግንድ በትከሻችን ተሸክመን ሻያ ላይ እናጋድማለን። የሁለት መቶ ሰባዎቹ ስም በጣት አሻራና በፊርማ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ስም መመዝገብ ስለምትወዱ ድካም እንቀንስላችሁ ብለን ነው። የመጀመሪያው ስም የጁሀራ ነው፤ ራሷ ጻፈችው፤ በመሠረተ ትምህርት ፊደል አስተምራችኋት ነበርና ለዚህ ብቻ ያለ ምፀት አመሰግናለሁ።

እርስዎ በዚያ ሰዓት መድረኩ ላይ ቆመው የሚናገሩት ቢኖርዎት፣ እባክዎ ቀደም ብለው ይውረዱ።

በንግግርዎ ጆሯችን የጠገበ፣ በተስፋዎ ትዕግሥታችን ያለቀ፣ ውለታዎን እስከ ልጅ ልጅ የማንረሳልዎት፣ እርስዎን በሙሉ ድምፅ የመረጥን የሚባልልን እኛ፤ ስለ ሁላችንም በገዛ ፈቃዱና በገዛ እጁ፣

ተክለማርያም
ሮቤ፣ ከእህል መጋዘኑ ግድግዳ ሥር

ማሳሰቢያ፦ እኔን ለማስያዝ ሰው መላክዎ እንደማይቀር አውቃለሁ። ከሰዓት በፊት ድልድይ ላይ ስለምሆን ከሰዓት በኋላ ቢመጣ ያገኘኛል። ሦስት አራት ባለጉዳዮች ወረፋ ይዘው ሊጠብቁኝ ስለሚችሉ ይታገሠኝ። ደግሞ የእጅ ጽሑፌን የሚያደንቅ ሳይሆን የጻፍኩትን ማንበብ የሚችል ሰው ቢመርጡ እወዳለሁ፤ በእርስዎ አካባቢ እንዲህ ያለ ሰው ከጠፋ፣ ጁሀራ ታነብለታለች።